ሦስተኛ የተጻፈው ትምህርት ቤት

ባለቤቴ ዋለልኝ በተጠራለት ዋጋ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ እሱም ቢሰማኝ ደስ ይለዋል። መርካቶ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ድስትና ሰሃን የሸጠ ሰው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዞት የወጣው አንድ ሕግ አለ። የምትፈልገውን ዕቃ መጀመሪያ አትንካ። ድስት የፈለገ ማንቆርቆሪያ ይጠይቃል። ማንቆርቆሪያውን ያገላብጣል፣ ቂጡን በጣቱ ያንኳኳል፣ ፊቱን ያኮሳትርና መልሶ ያስቀምጠዋል። ከሱቁ ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ፣ «ለመሆኑ ያ ድስት ስንት ነው?» ይላል። ባለሱቁ ዓይንህ የት እንዳረፈ ካወቀ አለቀልህ፣ ይላል ዋለልኝ።

ይህ ዘዴ አሜሪካ ድረስ አብሮን መጥቷል። ኮሮላችንን የገዛን ዕለት የማንገዛትን አንዲት ቀይ መኪና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዞራት፣ ጎማዋን ሲረግጥ፣ ሞተሯን ሲያስከፍት ዋለ። እኔ ብርድ ላይ ቆሜ ጥርሴ ይንገጫገጫል። በመጨረሻ ኮሮላዋን እንደ ዋዛ ጠየቀና ሻጩ ከጠራው ብዙ አስቀንሶ ቁልፏን ተቀበለ። ያን ቀን አልተቆጣሁትም፤ እንዲያውም ኮርቼበት ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ስለዚህ በልጃችን ትምህርት ቤት ላይ የሠራውን ሥራ ስናገር፣ ያጨበጨብኩለት እኔ መሆኔም አብሮ ይታወቅልኝ።

ልጃችን ዮሐና በዲቪ ስንመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ስምንተኛ ክፍል እያለች ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ መኝታ ቤቱ የእኔና የዋለልኝ፣ ሳሎኑ ደግሞ በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ የእሷ። ዮሐና ከምንም በላይ የምትወደው መለካት ነው። አባቷ ለዚያው መጋረጃ ብሎ የገዛውን ተጠቅላይ ሜትር ወስዳ የራሷ አደረገችው፤ ከዚያ ወዲህ ያልለካችው የቤቱ ጥግ የለም። ማቀዝቀዣውን ለክታለች፣ መስኮቱን ለክታለች፣ እኔንም ሳይቀር ቆሜ ሰሃን ሳጥብ ለክታኛለች። የለካችውን ይዛ ባገኘችው ወረቀት ጀርባ ሁሉ ቤት ትስላለች፤ ከላይ ሆኖ እንደሚታይ፣ ግድግዳው በሁለት መስመር፣ መስኮቱ በቀጭኑ። ቤቶቹ ይለያያሉ እንጂ ስሟ የተጻፈበት አንድ ክፍል ከሁሉም ውስጥ አይጠፋም። የዚያን ክፍል በር በቀይ እስክሪብቶ ነው የምታሰምረው። እኔና አባቷ በሩን አይተን እንዳላየን እናልፈው ነበር።

አሁን ስለ ምርጫው ልናገር። እኛ ባለንበት የካውንቲው ክፍል ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ የግድ ሰፈሩ ያለው ሃይስኩል አይገባም። በአካባቢው ያሉት ሃይስኩሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙያ አላቸው፤ አንዱ ሳይንስ፣ አንዱ ሙዚቃ፣ አንዱ ሌላ። ቤተሰብ ፎርም ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ይሞላል። የሰፈሩን ትምህርት ቤት አንደኛ ያለ ሰው ያለ ምንም ጥያቄ ያገኘዋል፤ ሌላ የፈለገ ዕጣ ውስጥ ይገባል። ይህን አሁን ነው እንዲህ አጥርቼ የማውቀው። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ መንግሥት ደብዳቤ ጽፎ፣ ልጅሽ የት እንድትማር ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። በነጻ። በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ደብዳቤውን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ዋለልኝ ሽንኩርቱ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ኦክቶበር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ ክፍት ነበሩ። ሪጅዌይ የሚባለው ከእኛ ራቅ ይላል። ምድር ቤቱ ውስጥ ሰፊ ወርክሾፕ አለ፤ ልጆቹ እዚያ እውነተኛ ቤት መሥራት ይማራሉ፣ ከሥዕሉ ጀምሮ እስከ ጣሪያው። ዮሐና በሩ ላይ ስትደርስ እጄን ለቀቀች። አንድ ጢማም አስተማሪ ተማሪዎቹ ያቆሙትን የእንጨት ግድግዳ እያሳየ ነበር፤ መሃሉ ላይ የበር ቦታ ተትቷል። ዮሐና ከጃኬቷ ኪስ ሜትሯን አውጥታ ለካች፤ ከዚያ ቀስ ብላ የሆነ ነገር አለችው። ሰውየው በራሱ ሜትር ደግሞ ለካና ከት ብሎ ሳቀ። የበሩ ቦታ ግማሽ ኢንች ጠቦ ኖሯል። ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ሰጣትና ትክክለኛውን መስመር በገዛ እጇ እንድታሰምር አደረጋት።

ዮሐና እንደ እኩዮቿ ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ያን ቀን ግን ከሪጅዌይ ፓርኪንግ እስከ ቤታችን ደረጃ ድረስ በአማርኛ ለፈለፈች። ቃል ሲጠፋት አየር ላይ በጣቷ ትስለዋለች።

«እማ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት ስም አለው! እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው!»

ዋለልኝ እየነዳ በመስታወቱ ያያታል። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት አልተነሳም። ሪጅዌይን ፈለግን፤ እንዲህ አጥብቀን ስለፈለግነው ነው ነገሩ የተበላሸው።

ፎርሙን የምሞላው እኔ ነኝ አለ ዋለልኝ። የሚሠራው ክሪስታል ሲቲ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። በዕረፍት ሰዓቱ ሒሳብ በሚቀበልባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ አሌክሳንድርያ የሚኖረውን ጓደኛውን ፉአድን ስፒከር ላይ አድርጎ ሞላው። ፉአድ መርካቶ ሳሉ ሱቁ ከዋለልኝ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነበር። ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ አንድም ነገር አያውቅም፤ እነሱ ከተማ ያለው የመንግሥት ሃይስኩል አንድ ብቻ ነውና የሚመረጥ ነገር የለም፤ ሦስቱም ልጆቹ የገቡት እዚያ ነው። አለማወቁ ግን ከመምከር አላገደውም። የተባባሉትን እኔ የሰማሁት ኋላ ነው።

«አንደኛ ላይ ሪጅዌይን ልጻፍ?» ይላል ዋለልኝ።

«አብደሃል እንዴ? ገና ከበሩ? ያውቁብሃል እኮ!»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

«የሰፈራችሁን አንደኛ በል። ሁለተኛ የትኛውንም ጻፍ። የምትፈልገውን ሦስተኛ ላይ ጣል አድርገው፣ እንደ ዋዛ።»

«እንደ ዋዛ!» አለና ዋለልኝ ሰብሚት አደረገው።

እራት ላይ ዮሐና፣ «አባ፣ ሪጅዌይን ጻፍከው?» ብላ ጠየቀችው።

«ጽፌዋለሁ» አላት። አልዋሸም።

ወደ እኔም ዞሮ፣ «ማየት ከፈለግሽ ይኸው» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ቀኑን ሙሉ አንዲት አሮጊት ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል፤ ሥራዬ ቤት ለቤት ሽማግሌ መጦር ነው። «አምንሃለሁ» ብዬ ስልኩን መለስኩለት።

መልሱ የመጣው ፌብሯሪ ውስጥ ነው። ዮሐና ከፖስታ ሳጥኑ አውጥታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ይዛው መጣች። ዋለልኝ ኦፍ ነበር፤ ሦስታችንም ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፣ ልጃችሁ አንደኛ ምርጫዋን አግኝታለች ይላል። እኔ ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። ሕንፃው እስኪሰማ እልልታዬን አቀለጥኩት። እልል እያልኩ ላቅፋት ስጠጋ ፊቷ ክው ብሏል። ከታች የተጻፈው ስም ሪጅዌይ አልነበረም። ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ብሩክፊልድ ነበር፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት።

ብሩክፊልድ መጥፎ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ስሙን ላጠፋ አልፈልግም። ግን ወርክሾፕ የለውም።

እልልታውን ሰምተው እትዬ ጌጤነሽ ከታች ፎቅ መጡ። እትዬ ጌጤነሽ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ሕፃናት እየጠበቁ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ በዚህ ካውንቲ የትምህርት ቤት ነገር ከእሳቸው የሚያመልጥ የለም። ደብዳቤውን አነበቡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«አንደኛ ያላችሁት የትኛውን ነው?»

ሁላችንም ወደ ዋለልኝ ዞርን። እሱ ደግሞ በኩራት ነው የጀመረው፤ ገና አልገባውም። ስለ ማንቆርቆሪያው፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ እንደ ዋዛው አንድ ባንድ አስረዳ። «አሁን የቀረን ሄደን፣ ለመሆኑ ያ ሦስተኛውስ እንዴት ነው ማለት ነው» አለ።

እትዬ ጌጤነሽ ደብዳቤውን ለዮሐና መለሱላት። «ዋለልኝ፣ ከኮምፒውተር ጋር ነው እንዴ የተከራከርከው? አንደኛ ያልከውን ሰጠህ፤ አለቀ። ሌላውን አላየውም።»

ኩራቱ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ልጮህበት አፌን ስከፍት ስልኩን ሳላይ የመለስኩለት ቀን ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩ። ዮሐና ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ኢትስ ፋይን» አለች። «ሪሊ፣ አባ። ኢትስ ፋይን።»

መጋረጃዋን ስባ ገባች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ይግባኝ ማቅረብ እንደሚቻል የነገሩን እትዬ ጌጤነሽ ናቸው፤ እዚህ አፒል ይሉታል። የዮሐና ትምህርት ቤት አማካሪ ሚስ ዴላኒ ቅጹን ፕሪንት አድርጋ በልጅቷ እጅ ላከችልን። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ስንደርስ አሥር ቀን ቆምን።

ፉአድ ደወለ። ጥፋቱ ስለከነከነው መላ ይዞ ነው የመጣው። «አስም አለባት በሉ። ቤት ልንቀይር ነው በሉ፤ ማን ያያል!» ዋለልኝ ደግሞ የራሱን አመጣ።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው እንበል።»

«ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም» አልኩት።

«ታዲያ እኔ ተሳሳትኩ ብዬ ልጻፍ? ፈርሜ?»

«አዎ።»

«ራሱን ከስሶ ዕቃ የገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ልጄ ዕቃ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩበት፤ ይህን ጊዜ ምላሴን አልነከስኩም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ የአስሙን ነገር እኔም ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ሚስ ዴላኒ ጋ ደውዬ ምን ቢጻፍ ይሻላል ብዬ ነገሩን ዘወር ዘወር አድርጌ ጠየቅኳት። ዘወርዋራው የገባት ይመስለኛል፤ ምንም አልታዘበችኝም። የሆነውን እንደሆነው ጻፉት፣ አለችኝ፤ ከዚያ የተሻለ ነገር የለኝም።

የዋለልኝን ልብ የመለሰው ግን የእሷ ምክርም የእኔ ጩኸትም አልነበረም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መደርደሪያ ሊሰቅል ፈልጎ ዮሐናን ጠራት።

«ነይ እስቲ ይህን ግድግዳ ለኪልኝ።»

ከሶፋው ሳትነሳ ግድግዳውን አየችው። «አይ ዶንት ኖው። ላይክ፣ ፎር ፊት?»

ዋለልኝ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ዮሐና በግምት ስትናገር ሰምተን አናውቅም፤ አራት ጫማ ከሰባት ተኩል ኢንች የምትል ልጅ ናት። ሜትሯ የት እንደሄደ ፈለገ። እኔ አይቼው ነበር፤ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር ነው የጣለችው። አሳየሁት። አወጣውና እጁ ላይ ትንሽ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ኪሱ ከተተው። መደርደሪያውን አልሰቀለም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ባዶው ቦታ ላይ በአማርኛ መጻፍ ጀመረ።

የጻፈውን ሚስ ዴላኒ አስተርጉማ ላከችው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊያነጋግሩን የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ወዳለበት ሮክቪል ጠሩን። ዋለልኝ ለጥምቀት የሚለብሰውን ሱፍ ለበሰ። እኔም ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። የገባንበት ክፍል ትንሽ ናት፤ ከጠረጴዛው ማዶ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሽበታም ሴትዮ ተቀምጣለች፣ መሃላችን ላይ ስልክ አለ። አስተርጓሚው በስልክ ነው ተባልን። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ጥርት ያለ አማርኛ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ቁጥር ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አራት ነኝ። የሚነገረውን ሁሉ እንዳለ እተረጉማለሁ።»

ስሟን አልነገረችንም፤ ቁጥሯን ብቻ።

ሽበታሟ ሴትዮ በምን ልትረዳን እንደምትችል ጠየቀች። ዋለልኝ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በመጀመሪያ፣ ይኼ ብሩክፊልድ የሚባለው እንዴት ያለ ትምህርት ቤት ነው? ተማሪው ስንት ይሆናል?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ማንቆርቆሪያውን አነሳው! በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱን ረገጥኩት። አቋረጠ። እጁን ኪሱ ውስጥ አስገባ፤ ሜትሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ከኪሱ እንዳልወጣ አውቃለሁ። እጁን ሳያወጣ እንደገና ጀመረ።

«ይቅርታ፤ የመጣሁት ለዚህ አይደለም። እኔ ነጋዴ ነበርኩ። በእኛ ገበያ የምትፈልገውን ዕቃ አስቀድመህ አታሳይም፤ ካሳየህ ተበላህ። ይህን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። ልጄ የትኛውን እንደምትፈልግ በደንብ አውቅ ነበር። ስለማውቅ ደበቅሁት። ከእናንተ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ከእሷ ነው የወሰድኩባት። እናንተም አልተሳሳታችሁም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ያየችውን ሁሉ የምትለካ ልጅ ነበረች። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ መለካት ትታለች።»

አስተርጓሚዎች ሲተረጉሙ ልክ ራሳቸው እንደሆኑ አድርገው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ የባሌን ቃል በማላውቃት ሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ደግሜ ሰማሁት፤ «አይ ወዝ ኤ መርቻንት» ብላ ጀመረች። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። መለካት ትታለች የሚለው ላይ ቆም ብላ፣ ተነፈሰችና ጨረሰችው። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ከዋለልኝ አፍ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል በአንድ ጠዋት በሁለት ቋንቋ ሰማሁ። እዚያው ሌላውን እጁን ይዤው ቀረሁ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። የምትፈልጉት እንግዲህ የትኛውን ነው፣ አለች።

«ሪጅዌይ!» አለ ዋለልኝ፣ ትርጉሙን ሳይጠብቅ። «አንደኛ ሪጅዌይ። ሁለተኛም ሪጅዌይ።» ሦስተኛውን ሊጨምር ሲል አሁንም ረገጥኩት።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ተስፋ እንዳትሰጠን ግን ተጠነቀቀች። ፎርም አሳስቶ መሙላት ብቻውን ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ፣ ሪጅዌይም መሙላቱን ነገረችን። ማድረግ የምትችለው ቦታ ሲለቀቅ እንዲታይ ተጠባባቂዎች ውስጥ ማስገባት ነው፤ የዋለልኝንም ጽሑፍ ከፋይሉ ጋር ታያይዘዋለች። ያ ብቻ ለእኛ ብዙ ነበር። አመስግነን ልንነሳ ስንል ስልኩ ተናገረ።

«አስተርጓሚዋ በራሷ በኩል አንድ ነገር ለማለት ፈቃድ ትጠይቃለች» አለች፤ በእንግሊዝኛም ደገመችው። ሽበታሟ ሴትዮ ራሷን ነቀነቀች፤ ስልክ እንደማያይ ትዝ ሲላት፣ «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» አለች።

«አባቴ ደሴ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ» አለች አስተርጓሚዋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ አንድ ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ለልጅዎ ይቅናት።»

መስመሩ ተዘጋ። ዋለልኝ ስልኩን እያየ ተቀምጦ ቀረ፤ በክንዱ ደግፌ አስነሳሁት።

ኤፕሪል አለፈ፣ ሜይ አለፈ። ዮሐና ስምንተኛን ጨረሰች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ ተነሳች፣ ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች። ቅር ያላት ነገር እንዳለ ለሰው አታሳይም፤ በዚህ አባቷን ነው የወጣችው። ብሩክፊልድ ለአዲስ ተማሪዎች የጠራው ስብሰባ ላይም ሳትነጫነጭ ሄደች። ዋለልኝ ሜትሩን አልመለሰላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። በጋውን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ።

ኦገስት ውስጥ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዋለልኝ ለሥራ ጫማውን እያሰረ ሳለ ስልኬ ጠራ። እጄ ሊጥ ነበርና ዮሐና አነሳችው። «የስ» አለች። «የስ። ታንክ ዩ። ታንክ ዩ ሶ ማች።» ዘጋችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ገባሁ።»

በአማርኛ ነው ያለችው። እልልታው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እዚያው ያዝኩት።

«የት ነው የገባሽው? ስሙን ንገሪኝ!»

«ሪጅዌይ፣ እማ! ሪጅዌይ!»

ያን ጊዜ ለቀቅኩት። እትዬ ጌጤነሽ በመስኮታቸው ብቅ ብለው፣ «የትኛው ትምህርት ቤት?» ብለው ጮኹ፤ ስሙን ካረጋገጡ በኋላ ነው እልልታውን የተቀበሉኝ። ዋለልኝ አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ ካልሲ ብቻ እንዳለ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። እሷም ተቀብላው አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። ያን ቀን ሥራ አርፍዶ ገባ።

የሚመሰገነው ሰው ብዙ ነው፤ በየተራ ሄድኩበት። ለሚስ ዴላኒ ድፎ ዳቦ ወሰድኩላት፤ ብቻዬን አልጨርሰውም ብላ መምህራኑን ሁሉ ጠራች። ለሽበታሟ ሴትዮ ዮሐና በእጇ የሠራችውን ካርድ በፖስታ ላክን። እትዬ ጌጤነሽ ምስጋናዬን ተቀበሉና፣ «ሌላ ጊዜ ስልኩን አንብቢ» አሉኝ፤ ይገባኛል። ፉአድ ከአሌክሳንድርያ ድረስ ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። «እኔ ያን ቀን ባልመክርህ ኖሮ...» ብሎ ሲጀምር ዋለልኝ ሐብሐብ አጎረሰው።

የቀረችው አስተርጓሚዋ ናት። ማን እንደሆነች፣ የት ሆና እንዳነጋገረችን አናውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎት ላስይዝላት ስል ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ።

«አላውቀውም፣ አባቴ። ቁጥሯን ነው የማውቀው።»

ግር ብሏቸው አዩኝ። ነገሩን ሳጫውታቸው እስክሪብቷቸውን አነሱና ከስሞቹ መሃል በግዕዝ ቁጥር ጻፉልኝ፤ ፹፩፻፴፬። አምላክ ያውቃታል አሉኝ። አሁንም አንዲት ሴት በአማርኛ ጥርት አድርጋ ስትናገር ከሰማሁ፣ እሷ ትሆን እንዴ ብዬ ዞሬ አያለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ባለው መንገድ አንድ ሽማግሌ ግቢያቸው ደጃፍ ላይ ያገለገለ ዕቃቸውን ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ስናልፍ ዮሐና ቆመች። ያቆማት ፊቱ ወደ ላይ የሚቀና፣ እንደተፈለገ የሚጋደም የሥዕል ጠረጴዛ ነው። ዋለልኝ ዓይኗ የት እንዳረፈ አየ፤ እኔም እሱን አየሁ። ከጠረጴዛው አጠገብ፣ እግዜር ሊፈትነው ፈልጎ ይመስል፣ አንድ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል።

እጁ ወደ ማንቆርቆሪያው ሄደ። እጀታውን ነካው። ከዚያ መለሰውና ጠረጴዛው ላይ ሙሉ መዳፉን አሳረፈ።

«አይ ዎንት ዚስ» አላቸው ሽማግሌውን። «ፎር ማይ ዶተር።»

«ፎርቲ» አሉ ሽማግሌው። ልጅቷንና አባቷን ተራ በተራ አይተው ደግሞ፣ «ኦኬ፣ ሰርቲ» አሉ።

«ኖ» አለ ዋለልኝ። «ፎርቲ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው፤ እኔ አፌን ያዝኩ። አርባውን ቆጥሮ ሰጣቸው።

ዮሐና ከቦርሳዋ ሜትሯን አውጥታ የጠረጴዛውን ወርድ ለካች። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። «አባ፣ አይገባም። ሳሎን ውስጥ ሶፋው አለ፣ አይገባም።»

«ሳሎን ውስጥ አስገቢው ማን አለሽ?» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የጋራዥ ደረሰኝ ነው፤ ጀርባው ላይ በተንጋደደ መስመር አንድ ክፍል ስሏል፣ በየግድግዳው ላይ ቁጥር ጽፏል። የእኛን መኝታ ቤት። ዮሐና የምትስለውን አይቶ ሊያስመስል ሞክሯል፤ መስኮቱ ግን ከግድግዳው ይበልጣል። «መስኮቱ ሥር ልክ ይገባል። ክፍሉ የአንቺ ነው፤ ሳሎኑን እኔና እናትሽ እንወስዳለን። ለክቼዋለሁ።»

ከእኔ ጋር አልተማከረም። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው መንገድ ላይ ነበር የምንጣላው። ወረቀቱን ከዮሐና እጅ ተቀብዬ አየሁት፤ በሩን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮታል። ጠረጴዛውን በአንድ በኩል እኔ ያዝኩ፣ በሌላው እሱ፣ ዮሐና ከፊት ከፊት መንገድ እያስለቀቀች ወደ ቤት ይዘነው ሄድን። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ዕቃ ስናዛውር ዋልን።

እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ልቀሰቅሳት ሄድኩ። እጄ እንደ ልማዱ መጋረጃ ሊስብ ተነሳ። በሩ ዝግ ነበር። አንኳኳሁ።